የዋይፋይ ቁልፏን ስትጫኑ ማን ነው የሚያጠፋው?

አንድ ላፕቶፕ ነበረኝ። ኪቦርዱ ላይ የአንቴና ምልክት ያለባትን ቁልፍ ስጫን ስክሪኑ ላይ «ኤርፕሌን ሞድ በርቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ዓይኔን ሳልከድን «ኤርፕሌን ሞድ ጠፍቷል» ይላል። እንደገና እጫናለሁ። በርቷል፣ ጠፍቷል። ቀስ አድርጌ ሞከርኩ፣ ፈጠን አድርጌ ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! ዋይፋዩ እንደነበረ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቁልፏን ነው። አርጅታ አንዴ ስትነካ ሁለቴ የምትቆጥር መሰለኝ። እሷ ግን ምንም አልሆነችም። አንዴ ስጫናት አንዴ ነው የምትናገረው። ችግሩ ሰሚዎቿ ሁለት መሆናቸው ነበር። አንዱ ሰምቶ አጠፋ፣ ሌላው ሰምቶ መልሶ አበራ።

ብዙዎቻችን ይህችን ቁልፍ የምናስባት እንደ ግድግዳ ማጥፊያ ነው። የግድግዳ ማጥፊያ የመብራቱን መስመር ራሱ ይቆርጣል፣ በቃ። የዋይፋይ ቁልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አትቆርጥም። በር ማንኳኳት ናት። ማን ወጥቶ እንደሚከፍት ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። አንዳንዴ ማንም አይወጣም። አንዳንዴ እንደ እኔ ሁለት ሰው አብሮ ይወጣል።

የማይተኛው ትንሹ ኮምፒውተር

ከቁልፎቹ ሥር ቀጫጭን መስመሮች በአግድምና በቁልቁል ተዘርግተዋል። ቁልፍ ሲጫን አንዱ አግድም መስመር ከአንዱ ቁልቁል መስመር ጋር ይነካካል። እነዚህን መስመሮች ያለ እረፍት እየዞረ የሚቃኝ ቺፕ አለ። ኤምቤድድ ኮንትሮለር ይባላል። ባለሙያዎቹ ባጭሩ ኢሲ ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ኢሲ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ፕሮግራም አለው። የባትሪውን ቻርጅ ይከታተላል፣ ፋኑን ያዞራል፣ ክዳኑ መዘጋት መከፈቱን ያያል። ላፕቶፑ ጠፍቶም እሱ ነቅቶ ይጠብቃል። የፓወር ቁልፉን ስትነኩ የሚሰማችሁ እሱ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻው ያስፈልገናል።

ኤፍኤን የምትባለው ቁልፍም የምትኖረው እዚያው እሱ ጋ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ እንዲህ የምትባል ቁልፍ መኖሯን እንኳ አያውቁም። ብቻዋን ብትጫኗት ወደ ላይ የሚያልፍ ወሬ የለም። ኢሲ «ተይዛለች» ብሎ በሆዱ ይይዛል። ኤፍ12ን ስትጨምሩባት ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚተረጉመው እሱ ነው። ኤፍኤንን ከኮንትሮል ጋር የሚያቀያይር ሶፍትዌር ፈልጋችሁ አጥታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ምርጫው ካልተሰጠ በቀር አብዛኛውን ጊዜ መላ የለውም።

አሁን አንድ ተራ ፊደል እንጫን። ኤ የሚለውን ስትነኩ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ 1ኢ የሚል ኮድ ያነባል። ስትለቁት 9ኢ። ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል (በአሥር ፈንታ በአሥራ ስድስት በሚቆጥር ዘዴ) ስለሆኑ ነው ፊደል የተቀላቀለባቸው። ይህ ኮድ የሚያልፍበት በር አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ኤቲ 8042 የሚባል የኪቦርድ ቺፕ ነበረው። ኮምፒውተሩም በ60 እና በ64 ቁጥር በሮች ያነጋግረው ነበር። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያ ቺፕ የለም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኢሲው እሱን መስሎ በዚያው በድሮው በር ላይ ቆሞ ይመልሳል። አርባ ዓመት ያለፈው ትወና ነው።

እንግዲህ በ1984 ዋይፋይ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያ የኮድ መዝገብ ውስጥ «ገመድ አልባውን አጥፋ» የሚል ቁጥር ማን ያስቀምጣል? በኋላ ዋይፋይ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ፣ አውሮፕላን ላይ ሬዲዮ አጥፉ ሲባል፣ ባትሪ መቆጠብም ሲያስፈልግ ቁልፏ ተፈለገች። አምራቾቹ ተሰብስበው አልተስማሙም። እያንዳንዱ የየራሱን መላ መታ።

ወሬው በየት በኩል ይሄዳል?

በጣም ቀላሉ መላ በዚያው በኪቦርዱ በር ማንም ያልያዘውን ቁጥር መላክ ነው። አምራቹ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ሌላው ዓለም አያውቀውም። ሊኑክስ ላይ የከርነሉን መዝገብ ብትከፍቱ «ያልታወቀ ቁልፍ ተጭኗል» የሚል መስመር ከነኮዱ ታገኛላችሁ። ከሥሩም ሴትኪኮድስ በሚባለው ትዕዛዝ ስም እንድትሰጡት ይመክራችኋል። ጨዋ ምክር ነው። አንዳንድ ኢሲዎች ደግሞ «ተጫነች» ይሉና «ተለቀቀች» ማለቱን ይረሱታል። ሲስተሙ ጣታችሁ ቁልፏ ላይ የተጣበቀ ይመስለዋል። የሊኑክስ የኪቦርድ ድራይቨር (ኪቦርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ለእነዚህ ሲል «ተለቀቀች» የሚለውን ራሱ የሚጨምርላቸው የላፕቶፕ ሞዴሎች ዝርዝር አለው።

ሁለተኛው መንገድ ረዘም ይላል። ግን እሱ ካልገባን ሌላው አይገባንም፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የሚባል ደንብ አወጡ። አምራቹ ስለ ማሽኑ የሚያውቀውን ነገር በትንንሽ ፕሮግራሞች መልክ ፈርምዌሩ (አብሮት ተሠርቶ የሚመጣው ሶፍትዌር) ውስጥ ይጽፋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እያነበበ ያስፈጽማል። የዋይፋይ ቁልፏ በዚህ በኩል ስትመጣ ኢሲ ለኪቦርዱ በር ምንም ኮድ አይሰጥም። ደወል ብቻ ይደውላል። ደወሉ «አንድ ነገር ተፈጥሯል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገርም።

ከርነሉ ደወሉን ሲሰማ ወደ ኢሲ ይሄዳል። 84 የሚል ትዕዛዝ ይሰጠዋል። ትርጉሙ «ምን ተፈጠረ?» ነው። ኢሲ በአንድ ባይት ይመልሳል። ዜሮ ካለ «ምንም የለም፣ ተመለስ» ማለት ነው። እስቲ 1ሲ አለ እንበል። ከርነሉ ፈርምዌሩ ውስጥ ይገባና ኪው1ሲ የሚል ስም ያለውን ትንሽ ፕሮግራም ፈልጎ ያስኬዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጣታችሁ ገና ከቁልፏ ሳይነሳ ነው።

ኪው1ሲ ውስጥ ያለውን የጻፈው አምራቹ ነው። ጉዱም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ዋይፋዩን አጥፍቶ ዝም ሊል ይችላል። ወይም ምንም ሳይነካ «የዋይፋይ ቁልፍ ተጭናለች» ብሎ ለድራይቨር ሊናገር ይችላል። አጥፍቶም የሚናገር አለ። ሦስቱም ገበያ ላይ አሉ፣ ከውጭ ስታዩአቸው ደግሞ አንድ ናቸው።

ቲንክፓድ የሚባለውን ላፕቶፕ እንውሰድ። ፈርምዌሩ ኤችኪ የምትባል፣ በእጅ የማትዳሰስ፣ በስም ብቻ ያለች መሣሪያ ይፈጥራል። ቁልፍ ሲጫን ማሳወቂያው ወደ እሷ ይሄዳል። ሊኑክስ ላይ ቲንክፓድ-ኤሲፒአይ የሚባለው ድራይቨር ማሳወቂያውን ይሰማል። ግን ማሳወቂያውም እንደ ደወሉ ነው፣ የትኛዋ ቁልፍ እንደሆነች አይናገርም። ስለዚህ ድራይቨሩ ተመልሶ ይጠይቃል። ኤፍኤንና ኤፍ5 አንድ ላይ ከሆኑ 1005 የሚል ቁጥር ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ነው ድራይቨሩ ይህን ወደ ሊኑክስ የቁልፍ ስም የሚተረጉመው። አንዴ ለተጫነች ቁልፍ «ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጠየቀ ማለት ነው።

ድራይቨሩ ከሌለስ? ማሳወቂያው ይላካል፣ የሚሰማው የለም። ዊንዶውስን ከባዶ የጫነ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። የድምፅ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ለእነሱ ሁሉም የሚያውቀው ኮድ አላቸው። የስክሪን ብርሃን ቁልፎቹም ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፣ ኤሲፒአይ ውስጥ የታወቀ ደንብ አላቸው። የዋይፋይዋ ጭጭ። ዲቫይስ ማኔጀር ሲከፈት ደግሞ ቢጫ ምልክት ያለበት «ያልታወቀ መሣሪያ» ተቀምጧል። ብዙ ሰው የማይጠቅም ነገር መስሎት ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ የቁልፎቹ አፍ እሱ ነው። ከአምራቹ ድረ ገጽ የሆትኪ ድራይቨሩን ስትጭኑለት ቁልፎቹ ይናገራሉ።

ደብልዩኤምአይ የሚባል መንገድም አለ። በመሠረቱ ያው ኤሲፒአይ ነው፣ ፖስታው ብቻ ይለያል። ኤችፒ፣ ዴል፣ ኤሰርና ኤሱስ በየዘመኑ ተጠቅመውበታል። ሊኑክስ ውስጥ ኤችፒ-ደብልዩኤምአይ፣ ኤሰር-ደብልዩኤምአይ እየተባሉ የተከማቹት ድራይቨሮች ለዚህ ናቸው። ከዚህ በላይ እዚህ ላይ ባንቆይ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ማይክሮሶፍት ነገሩን መልክ ሊያስይዘው ሞከረ። ኤርፕሌን ሞድ በሲስተሙ ውስጥ ገባ። ቁልፏም እንደ ማውስና እንደ ኪቦርድ ኤችአይዲ የሚባለውን የጋራ ቋንቋ እንድትናገር ተደረገ። በዚያ ቋንቋ መዝገብ ውስጥ ለገመድ አልባ ቁልፍ ሲ6፣ ለመብራቷ ሲ7፣ ለተንሸራታች ማጥፊያ ሲ8 የሚሉ ቁጥሮች ተሰጥተዋል። አሁን ቁልፏ «ተጫንኩ» ብቻ ትላለች። ማጥፋት ማብራቱ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ሆነ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነው። ቁልፍ ቁልፍ ትሁን፣ የሚወስነው አንድ ይሁን። ችግሩ የድሮዎቹ መንገዶች አልተዘጉም። አዲሱ ሲጨመር አሮጌው እዚያው ፈርምዌሩ ውስጥ ቀረ።

ሽቦ ሲሆንስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወሬ ነው። በወሬ የማይሄድም አለ።

የዋይፋይ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ጥርስ አለው። ከጥርሶቹ አንዱ ለዚሁ ጉዳይ የተመደበ ነው። ደብልዩ-ዲስኤብል ይባላል። በቀድሞው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ላይ 20ኛው ፒን ነው። በአሁኑ ኤም2 የዋይፋይ ካርድ ላይ ሁለት ሆነዋል፤ 56ኛውና 54ኛው። ሁለት የሆኑት አንድ ካርድ ዋይፋይንም ብሉቱዝንም ስለሚይዝ፣ ለየብቻ እንዲጠፉ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፒኑ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ ታች ሲወርድ ካርዱ ማሰራጨቱን ያቆማል። ይህን የሚያደርገው ኢሲ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ የድሮ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ከፊት ጠርዝ ያለው ተንሸራታች ማጥፊያ ነው። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌር ምንም ቢለምን አይሰማም። ይህን ለማለፍ 20ኛውን ፒን በቀጭን ቴፕ የሚሸፍኑ ሰዎች ነበሩ። ቴፑ ግንኙነቱን ስለሚቆርጠው ካርዱ «አጥፋ» መባሉን አያይም። ይሠራል። ከጎኑ ያለውን ፒን አብራችሁ ከሸፈናችሁ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ብሉቱዝ ላይ ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። ብሉቱዙ ብዙውን ጊዜ በውስጥ የዩኤስቢ መስመር የተያያዘ ነው። አንዳንድ ፈርምዌር ሲያጠፋው መሣሪያውን ከነጭራሹ ያላቅቀዋል። «ጠፍቷል» የሚል ምልክት እንኳ አታዩም፣ ከዝርዝሩ ይሰወራል። ብሉቱዜ ሞተ ብሎ አዲስ ካርድ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ተነቅሎ ነበር እንጂ አልሞተም።

የውስጥ መቀርቀሪያና የውጭ ጓጉንቸር

ሊኑክስ ለዚህ ሁሉ ትርምስ አርኤፍኪል የሚባል የጋራ መዝገብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከርነሉ ውስጥ ገባ። በ2009 ከሥሩ ተገንብቶ እንደገና ተጻፈ። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በስሙ ብትጠሩት የላፕቶፑን ሬዲዮዎች ይዘረዝርላችኋል። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሁለት ነገር ያስቀምጣል። አንዱ ሶፍት ብሎክ ነው፣ ሁለተኛው ሃርድ ብሎክ።

ሶፍት ብሎክ ከውስጥ የተቀረቀረ በር ነው። የቀረቀረው ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌር ይከፍተዋል። ሃርድ ብሎክ ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ነው። ከውስጥ ሆናችሁ ብትገፉት አይነቃነቅም። «ሁሉንም ክፈት» የሚለው የአርኤፍኪል ትዕዛዝ መቀርቀሪያውን ያነሳል፣ ጓጉንቸሩን አይነካም። ሰው ትዕዛዙን አሥር ጊዜ ደጋግሞ የሚበሳጨው ይህን ሳያይ ነው።

አሁን ደግሞ እኔን ለብዙ ጊዜ የሸወደኝን ነገር ልንገራችሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ለአንድ ዋይፋይ ሁለት መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱን ያስመዘገበው የካርዱ ድራይቨር ነው። ሌላውን ያስመዘገበው የላፕቶፑ አምራች ድራይቨር ነው። የካርዱ መስመር ላይ «ሃርድ ብሎክ፣ አዎ» ይላል። ተንሸራታች ማጥፊያ ትፈልጋላችሁ፣ የለም። ላፕቶፑን ትገለብጣላችሁ፣ የለም። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መስመር ስትወርዱ «ሶፍት ብሎክ፣ አዎ» ይላል። የሆነው እንዲህ ነው። የአምራቹን መቀርቀሪያ ሶፍትዌር ዘጋው። ፈርምዌሩ በዚህ ምክንያት ያቺን ፒን ወደ ታች ሳባት። ካርዱ ከእሱ ቦታ ሆኖ ሲያይ የተዘጋበት ከውጭ ነው። ስለዚህ ሃርድ ብሎክ አለ። አልዋሸም። የአምራቹን መስመር ስትከፍቱት የካርዱ ጓጉንቸር ራሱ ይወልቃል።

የሚዋሽም ነበር። አይዲያፓድ-ላፕቶፕ የሚባለው የሊኑክስ ድራይቨር የማጥፊያውን ሁኔታ ከፈርምዌሩ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሞዴሎች ግን ማጥፊያ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም። ፈርምዌሩ «እንዲህ ያለ ነገር የለኝም» በማለት ፈንታ ሁልጊዜ ዜሮ ይመልሳል። ድራይቨሩ ዜሮን «ተዘግቷል» ብሎ ይተረጉመው ነበር። ላፕቶፑ በሌለ ማጥፊያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ተዘግቷል» ይል ነበር። የከርነሉ ሰዎች ማጥፊያ የሌላቸውን ሞዴሎች በስም እየመዘገቡ «እነዚህን አትመኗቸው» የሚል ዝርዝር ያዙ። ዝርዝሩም ረዘመ።

በዚሁ ላይ በተንሸራታች ማጥፊያና በቁልፍ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ተንሸራታቹ ሁኔታ አለው። ወደ ቀኝ ከሆነ በርቷል፣ ወደ ግራ ከሆነ ጠፍቷል፣ አንድ ሺህ ጊዜ ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው። ቁልፍ ሁኔታ የላትም። «ተጫንኩ» ብቻ ናት። ማብራት ይሁን ማጥፋት የሚያውቀው ያለፈውን የሚያስታውስ ሰው ነው። የሚያስታውሱት ሁለት ከሆኑና ትዝታቸው ከተለያየ አለቀ።

ሁለት አለቃ

ወደ በርቷል-ጠፍቷሉ እንመለስ። ይህ የሚፈጠርበት አንዱ መንገድ ፈርምዌሩ ራሱ አጥፍቶ ሲያበቃ «ቁልፍ ተጭናለች» ብሎም ሲናገር ነው። ዴስክቶፑ፣ ማለትም መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን የሚያሳየን የሲስተሙ ክፍል፣ ወሬውን ሰምቶ የራሱን ሥራ ይሠራል። ዋይፋዩ ጠፍቶ ያገኘዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይበራል።

አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ፈርምዌሩ መጀመሪያ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ኤሲፒአይ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ጥያቄ አለ። «ዊንዶውስ 2012 ነህ?» ይላል፣ ዊንዶውስ 8 ማለቱ ነው። አዎ ከተባለ እጁን ይሰበስብና ውሳኔውን ለሲስተሙ ይተዋል። አይደለሁም ከተባለ እንደ ድሮው ራሱ ያጠፋል። ሊኑክስ ለዚህ ጥያቄ ምን እንደሚመልስ ታውቃላችሁ? «አዎ፣ ዊንዶውስ ነኝ» ይላል። «ሊኑክስ ነህ?» ሲባል ደግሞ «አይደለሁም» ይላል። ቀልድ አይደለም። ፈርምዌሮቹ በደንብ የተሞከሩት በዊንዶውስ መንገድ ስለሆነ በዚያው መሄድ ይሻላል ተብሎ የተወሰነ ነው።

ከሊኑክስ ከርነል ውስጥም ሁለት አድማጭ ሊኖር ይችላል። ከርነሉ ራሱ የዋይፋይ ቁልፍን ሰምቶ የሚያጠፋ ክፍል አለው። እንደ ግኖም ያሉት ዴስክቶፖችም ይሰማሉ። ለዚህ መፍትሔ ተበጅቷል፤ ዴስክቶፑ ሲነሳ ከርነሉን «ይህችን ለእኔ ተዋት» ይለዋል፣ ከርነሉም ይተዋታል። ያን ያህል ሥርዓት አለ።

ጎን ለጎን አንድ የምወዳት ዝርዝር አለች። ሊኑክስ ለብሉቱዝ ቁልፍ 237፣ ለዋይፋይ 238፣ ሁሉንም ሬዲዮ አንድ ላይ ለምታጠፋዋ 247 የሚል ቁጥር ሰጥቷል። ኤክስ11 የሚባለው የድሮው የስክሪን ሲስተም እያንዳንዱ ቁጥር ላይ 8 ይጨምራል። ከ255 በላይ ደግሞ መቁጠር አይችልም። 247 ሲደመር 8 ስንት ነው? ልክ 255። የመጨረሻዋ ወንበር። ከእሷ ቀጥላ የተመዘገበችው የማይክሮፎን ማጥፊያ 248 ነች፣ ወንበር አጣች። ብዙ ላፕቶፖች ላይ የማይክሮፎን ቁልፍ ኤፍ20 ነኝ እያለች የምትመጣው ለዚህ ነው።

መብራቷን አትመኑ

ቁልፏ ላይ ትንሽ መብራት ካለች ስለ እሷም አንድ ነገር ልበል። የምታበራት ማን እንደሆነ አይታወቅም። የዋይፋይ ካርዱ ሊሆን ይችላል፤ በሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ 44ኛው ፒን ለዋይፋይ መብራት የተመደበ ነው። ኢሲ ሊሆን ይችላል። ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ሲጠፋ ብርቱካናማ፣ ሲበራ ነጭ ወይም ሰማያዊ ትሆናለች። ቀለሙ የሚነግራችሁ ግን መብራቷን የያዘው ወገን ያሰበውን ነው። ዋይፋይ ተያይዞ ዩቲዩብ እያያችሁ መብራቷ ብርቱካናማ ሆና ልታገኟት ትችላላችሁ። የአርኤፍኪል ዝርዝር ወይም የሲስተሙ የኔትወርክ ገጽ ከእሷ ይሻላል።

ቁልፏ አልሰማ ስትል ከየት ይጀመራል? ከማጥፊያው። የላፕቶፑን ጠርዝ በጣታችሁ ዙሩት። ከዚያ ሶፍት ነው ወይስ ሃርድ የሚለውን እዩ። ሶፍት ከሆነ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት ላይጠቅም ይችላል። ብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ሲዘጉ የሬዲዮዎቹን ሁኔታ ይመዘግቡና ሲነሱ እንደነበረ ይመልሱታል። መቀርቀሪያውንም አብረው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር አለ። «ሸት ዳውን» ስትሉት ከርነሉ በትክክል አይዘጋም፣ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል። ድራይቨሩ እንደ አዲስ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ «ሪስታርት» በሉት። የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ሁሉም ነገር ተሞክሮ ካልሆነ የማይተኛውን አስታውሱት። ኢሲ ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም ብለን ነበር። ግራ የገባው እሱ ከሆነ ሪስታርት አይደርስበትም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። የፓወር ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ያን ጊዜ ኢሲ ራሱ መብራት አጥቶ እንደ አዲስ ይነሳል። አስማት የሚመስለው ይህ ምክር ምስጢሩ ይኸው ነው። ባትሪው የማይወጣ ከሆነ አንዳንድ አምራቾች ለዚህ የሚሆን የተለየ አካሄድ ወይም ከሥር ትንሽ ቀዳዳ አዘጋጅተዋል፣ መመሪያውን ማየት ነው።

የእኔዋን ቁልፍ ችግር ያገኘሁት ኢቪቴስት በሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። ከአንድ መሣሪያ የሚመጡትን የቁልፍ ወሬዎች አንድ በአንድ ያሳያል። ዝርዝሩን ሳወጣው ስለ ዋይፋይ የሚናገሩ የሚመስሉ ሁለት መሣሪያዎች አየሁ። ሁለት ተርሚናል ከፈትኩ፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣ ሌላውን በሌላው ላይ አደረግኩ። ቁልፏን አንዴ ተጫንኩ። በሁለቱም መስኮት እኩል 247 ወጣ። አንደኛው ወሬ የመጣው ከአምራቹ የደብልዩኤምአይ ድራይቨር ነው። ሁለተኛው ከአዲሱ የዋይፋይ ቁልፍ ድራይቨር። ፈርምዌሩ አዲሱን መንገድ ሲጨምር አሮጌውን አልዘጋም ነበር። ዴስክቶፑ ምን ያድርግ? ሁለቴ ተነገረው፣ ሁለቴ ገለበጠ።

አንደኛውን ድራይቨር እንዳይነሳ በስም ከለከልኩት። መጀመሪያ የከለከልኩት ያለ ቦታው ነበር፣ ዋይፋይዋ ተስተካክላ ሌሎቹ ልዩ ቁልፎች በሙሉ ዝም አሉ። መለስኩትና ሌላኛውን ከለከልኩ። ቁልፏን ተጫንኩ። «ኤርፕሌን ሞድ በርቷል» አለ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ጽሑፍ አልመጣም።